በባዶ ቃሬዛ ላይ የወረደ ሙሾ

የእርጥብ ባናን ሽታ የማያውቅ ሰው መንዝን አውቀዋለሁ ባይል ይሻለዋል። የበግ ጠጉር፣ የኩበት ጭስና ዝናብ አንድ ላይ ተቀላቅለው የሚሰጡት ከባድ ሽታ ነው፤ ከብርድ ልብስነቱ በፊት ሽታው ያሞቃል። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ከተበተነ በኋላ፣ ሞላሌ ከተማ አዳራሽ ገብቼ ስቀመጥ ያ ሽታ ጠበቀኝ። ውጭው ስለሚያካፋ ገበያተኛው ባናውን እንደለበሰ ነበር የገባው። በቀኜ ዱሮ የከተማው ቪዲዮ ቤት ባለቤት የነበረው ጋሽ ግዛው፣ በግራዬ የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ፊልም ፊት ተቀምጠው አፋቸው ሲዘጋ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አንዳቸውም ሌላውን አልተነኮሱም። እኔም የነጠላዬን ጫፍ እየጠመዘዝኩ ባዶውን ግድግዳ አያለሁ። ሊታይ የነበረው እኛ ሞላሌዎች «የኛ ፊልም» የምንለው ፊልም እንደ አዲስ የተሠራው ነው። ሦስታችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለቅሶው ጋ ሲደርስ የወንድሜ ስም ይጠራል ወይስ ቆርጠው ጥለውታል?

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደ ግዛው ቪዲዮ ቤት ልውሰዳችሁ። ከመሐል ሜዳ የሚመጣው መንገድ ወደ ገበያው በሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱን ተለጥፎ የቆመ የጭቃ ቤት ነበር። መብራቱ ከወፍጮው ሞተር ስለሚመጣ፣ እህል ሲበዛ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ተዋናዩ በፍቅር ሲንቀጠቀጥ «ገብስ ነው ወይስ ባቄላ?» እያልን እንሳሳቅ ነበር። አግዳሚ ላይ ለሚቀመጥ ሃምሳ ሳንቲም፣ መሬት ላይ ሣር ተነጥፎለት ለሚቀመጥ ስሙኒ። በር ላይ አንዲት ሴት በጦስኝ የፈላ ሻይ ትሸጣለች፤ ብርጭቆው ጣት ያቃጥላል። ወንዶቹ ኮንጎ ጫማና ካኪ፣ ሴቶቹ አዲስ ሻሽ፤ ግዛው ደግሞ ፀሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ከላዩ የማትወርድ ጥቁር የቆዳ ጃኬት። ያቺ ጃኬት ዛሬም አለች፤ እሷም እንደሱ ክርኗ አልቋል።

ግዛው ካሴት አይከራይም፣ ይገዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ካሴት የተከራየ ሰው በማግስቱ መመለስ አለበት፤ ከሞላሌ ተነሥቶ ደርሶ የሚመለሰው አውቶቡስ ግን የማግስት ነገር አያውቅም። ስለዚህ በግ ይሸጥና ካሴት ይገዛል። አንድ ፋሲካ ለቤቱ ያሰበውን ሙክት በሁለት ካሴት ለውጦ መጣና ሚስቱ ለበዓሉ ካሴቶቹን ሽሮ ወጥ ውስጥ ቀቅላ እንደምታቀርብለት ነገረችው። መሪጌታ ያኔ ወጣት ዲያቆን ነበሩ። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከኋላ ይገባሉ፤ ማንም አያውቀኝም ብለው ነው፣ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው ሰው እሳቸው ስለሆኑ ሁሉም ያውቃቸው ነበር። እሳቸው ግዥውን አይወዱም። «ፊልም መግዛት ነፋስን በስልቻ መቋጠር ነው፤ አንዴ ካየኸው አይበቃህም?» ይሉታል። ዛሬ ደግሞ ስልካቸው በፊልም ተጨናንቆ ልጃቸው ስትደውል እንኳ አልሠራ ይላቸዋል።

«የርስዎ ስልክ ውኃ ውስጥ የወደቀች ቀን ፊልሞችዎም አብረው ይሰምጣሉ» ይላል ግዛው። «የኔ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ሰው በእጁ ያልያዘው ነገር የሱ አይደለም።»

«ያንተስ ቢሆን አይጥ ይበላው የለም?»

«አይጥማ የገዛሁትን ነው የሚበላው። የርስዎን ማን እንደሚበላው እንኳ አያውቁም።»

የኛ ፊልም እንደ አዲስ ሊሠራ ነው የሚለው ወሬ ሲመጣ ይህ ሙግት እሳት ያዘ። ግዛው ከቪዲዮ ቤቱ የተረፈችው አንዲት ክፍል ውስጥ ስልክ ይጠግናል፣ ባትሪ ይሸጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንሰበሰባለን። ግዛው የተሠራ ነገር ላይ መልሶ እጅ ማግባት ነውር ነው አለ። ተከፍሎት እንኳ እንደማያይ፣ አንድ ሳንቲም እንደማያወጣ ማለ። መሪጌታ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ተቃራኒውን ያዙ።

«ቅዳሴ በየቀኑ ይደገማል። መድገም ምን ነውር አለው?»

«ዜማውን ቀይራችሁ ነው የምትደግሙት?» አለ ግዛው።

መሪጌታ ራሳቸው ከሁሉ ቀድመው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የማስበው ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ፊልም ውስጥ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ አለች። ወንድማችንም አለ፤ ሥጋው ሳይሆን ስሙ።

ወንድይፍራው የቤታችን ብቸኛ ወንድ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ወንድ ለውትድርና ወደ ሰሜን ሲወሰድ እሱም ተወሰደ። ቆይቶ አንድ ከዚያ የተመለሰ ሰው መሸት ሲል እቤት መጥቶ መሞቱን በጆሮ ነግሮን ሄደ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ጊዜውም መንግሥት ያልነገረውን ሞት ድንኳን ጥሎ ለመቀመጥ የሚያስደፍር አልነበረም። በር ዘግተን፣ አፋችንን በነጠላ አፍነን ጓዳ ውስጥ አለቀስን። እንዲህ ያለ ለቅሶ እርም አያወጣም። ሰው ሊለቀስ የሚገባው በአደባባይ ነው፤ ልብሱ ወጥቶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ሰምቶ። እናታችን ያንን ሳታደርግ ሞተች። እትዬ ጥሩወርቅም የወንድይፍራውን ባና አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ ዓመት ዓመት ፀሐይ ላይ ታሰጣውና መልሳ ታስገባዋለች።

ጊዜው ተለወጠ። የግዛው ቪዲዮ ቤት በደራበት ዘመን ከአዲስ አበባ ፊልም ሠሪዎች መጡና ከጓሳ ተራራ ሥር ሠፈሩ። የፊልሙ ጀግና ይሞታል፤ ለቅሶ ያስፈልጋቸዋል። የሀገሩን ሴቶች ለመኑ፣ ሴቶቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እኔ ያኔ ቀየት የሚባል ቦታ ተድሬ አራስ ነበርኩ፤ ያየሁት ሳይሆን የሰማሁት ነው። ቃሬዛው ቀረበ። አልቃሿ ልትጀምር ስትል ማን እንደሞተ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ መኪናው ጥግ ቆሞ ሻይ የሚጠጣውን ጎረምሳ በእጁ አሳያት። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እያራገፉ ብድግ አሉ።

«ቆሞ በሚሄድ ሰው ላይ ሙሾ አይወረድም። የእናት ልጅ አይደለም እንዴ? ሟርት ነው» አለችው አልቃሿ።

ጨዋታ ነው ቢላቸው፣ ቢለምናቸው፣ በመጨረሻም ዕቃዬን ጭኜ እሄዳለሁ ብሎ ቢቆጣ ሴቶቹ ወይ ፍንክች። ያኔ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ፊት ወጣች።

«የሞተ ሰው ከሆነ የምትፈልጉት እኔ አለኝ» አለች።

ቤቷ ሄዳ ባናውን ይዛ መጣች። ባዶው ቃሬዛ ላይ ዘረጋችውና ደረቷን ያዘች። ዳይሬክተሩ ጠጋ ብሎ ሟቹ ኃይሉ እንደሚባል፣ ኃይሉ ብላ እንድታለቅስ ነገራት። «ኃይሉን አላውቀውም» አለችው። ከዚያ በኋላ የሰማት የለም። የሄዱት ሴቶች ተመለሱ፣ ወንዶቹ ከየአጨዳው ማጭዳቸውን እየጣሉ መጥተው ቆሙ። እንዲህ ነበር ያወረደችው፦

ባናህማ መጣ በሰው ትከሻ፣
አንተ የት ወደቅህ የኔ መሸሻ።

ወንድይፍራው ወንድሜ የጓሳ ላይ ጉም፣
መጣሁ ትለኛለህ አልጨብጥህም።

የካሜራው ባትሪ አልቆ ጠፋ፤ ለቅሶው ግን አልቆመም። እስኪመሽ ለቀሱ። ዳይሬክተሩ ይህን ዳግመኛ ማስደረግ እንደማይችል ገባው መሰለኝ፣ ሥራው ገና መጀመሩም ስለነበር፣ የጀግናውን ስም ቀየረው። ፊልሙ ሲወጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጀግናው ወንድይፍራው ነው። ፍቅረኛው ወንድይፍራው ትለዋለች፣ ጠላቱ ወንድይፍራው ብሎ ይዝትበታል። ከጀግናው ጋር የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው፤ የኔ ወንድም አጭር ነበር፣ መሣቅም ይወድ ነበር።

ግዛው ካሴቱን ገዝቶ ያመጣው ቀን ከቀየት ሕፃኔን አዝዬ መጣሁ። የእህቴ ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ሲወጣ ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ አነባ፤ እህል አስፈጪዎቹም ስልቻቸውን ጥለው መጡ። በማግስቱ ሰዉ ዳቦውን፣ ጠላውን ተሸክሞ ለቅሶ ሊደርስ እቤታችን መጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ፊቷ በርቶ እንግዳ ስታስተናግድ ያየሁት ያኔ ነው፤ እርሟን አውጥታ ነበር። እኔ ግን ጓሳ ሥር ለቅሶው ላይ አልነበርኩም። ቪዲዮ ቤት ከፍሎ ገብቶ ማልቀስ ምን ይባላል? ሕፃኑ ደንግጦ ሲጮህብኝ እንባዬን ውጬ ወጣሁ፤ ያ እንባ እዚያው ደረቴ ውስጥ ቀረ።

ግዛው ያንን ቦታ ሰዉ በጠየቀው ቁጥር እየመለሰ አሳየ። ከመመላለሱ ብዛት ክሩ እዚያ ላይ ሳሳ፣ ሥዕሉም በነጭ መስመር ተሞላ። በኋላ ማጫወቻው ዴክም አረጀና ካሴት መብላት ጀመረ፤ ግዛው ፈርቶ ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። እትዬ ጥሩወርቅ ካረፈች በኋላ ጨርሶ አልነካውም። ፎቶዋ አለኝ፣ ድምፅዋ ግን ያለው እዚያ ጨርቅ ውስጥ ብቻ ነበር። ብናጫውተው ሊበጠስ፣ ብንተወው ሊሻግት። ስንት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ሳልጠይቀው ተመልሻለሁ።

ናሆም የሚባለው ልጅ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአዲሱ ፊልም ድምፅ ሠራተኛ ነኝ አለ፤ ቀጭን፣ ብርዱ ያንዘፈዘፈው፣ በየቃሉ «ማዘር» የሚለኝ። የኔን ስም አያውቅም ብዬ ታገሥኩት። ግዛው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ጉዳዩን አስረዳን። የዱሮዎቹ ሠሪዎች ዋናውን ቅጂ አጥፍተውታል፤ የተረፈው የግዛው ካሴት ብቻ መሆኑን ሰምቶ ነው የመጣው። አዲሱ ፊልም ተቀርፆ አልቋል፤ ለቅሶው ላይ ግን ተዋናይቷ ብታለቅስ ብታለቅስ አልሆነም። የአዲሱ ፊልም ዳይሬክተር የዱሮውን በልጅነቱ አይቶት የሴትዮዋ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ድምፁን ወስደን በተዋናይቷ ላይ እንጫን አለ።

«የጥሩወርቅን ድምፅ በሌላ ሴት አፍ ልትጨምሩት?» አለ ግዛው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር።

«ስሙን እናወጣዋለን» አለ ናሆም፣ የሚያጽናናን መስሎት። «የኛ ጀግና ሮቤል ነው የሚባለው። ያቺን ቃል ቆርጠን የቀረውን ብቻ ነው የምንወስደው።»

«ስሙ ከወጣ ምን ቀረ?» አልኩት። «ስም ሳይጠራ የሚለቀስ ለቅሶ ጩኸት ነው ልጄ። ጩኸት ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ሞልቷል።»

ግዛው በሩን ከፈተለት። በዚህ ያልቅ ነበር፣ መሪጌታ ባይናገሩ።

«ዘነቡ፣ ቆዪ። ካሴቱ በሽተኛ ነው። ይህን ክረምት አይሻገርም። ልጁ መገልበጫ ይዞ መጥቷል። ዛሬ ካባረርሽው ስሙንም ድምፅዋንም ነው የምታጪው።»

እውነታቸውን ነበር፤ ለዚህ ነው የተናደድኩባቸው። ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። ባላስገለብጠው እህቴን ሻጋታ ሊበላት ነው፤ ባስገለብጠው ወንድሜን ዳግመኛ ያለ ስም ሊቀብሩብኝ ነው። ናሆምን ከነስሙ ልታወጡት ቃል ትገባለህ ወይ አልኩት።

«እናቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለኝ፤ ማዘር ማለቱን ትቶ ነበር። «እኔ ድምፅ ነው የምሠራው። ዳይሬክተሩ ቁረጥ ካለኝ እቆርጣለሁ። የነገሩኝን ግን አንድ ሳላስቀር እነግረዋለሁ።»

አዎ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር። ካሴቱን አውጣው አልኩት ግዛውን።

ግዛው ጨርቁን ፈታ። የዴኩን ሆድ ከፍቶ በጥጥና በአልኮል ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ። ናሆም ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዘ። ካሴቱ ቋ ብሎ ገባ። መሪጌታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገሙ ይሆናል። ሥዕሉ መጣ፣ ተዛባ፣ ጠፋ። ዴኩ ማጉረምረም ጀመረ። ግዛው ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

«አይንኩት፣ እየቀዳ ነው» አለ ናሆም።

ከሥዕሉ በፊት ድምፅዋ መጣ። ከዚያ ነጭ መስመሮቹ መሐል ፊቷ። ወጣት ናት፤ አሁን ካለው ልጄ ታንሳለች። ባናህማ መጣ አለች። ወንድይፍራው አለች። አልጨብጥህም ብላ እጇን ዘርግታ ሳለ ዴኩ ክሩን ዋጠው። ግዛው ሲያወጣው እንደ ተልባ ገለባ ተኮማትሮ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ተበጥሶ ነበር። ናሆም ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየና «አለ፣ ተቀድቷል» አለ። አንድ ፍላሽ ላይ ለኔም ገልብጦልኝ ሄደ።

ፍላሹን ወስጄ ከባናው ጋር ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለምን ቁጭ ብለሽ አታይውም ይለኛል ልጄ። ለቅሶ ለብቻ አይለቀስም፤ ጓዳ ውስጥ አንዴ አልቅሼ አውቀዋለሁ። ከናሆም ደብዳቤም ስልክም አልመጣም። ክረምቱ አለፈ፣ ገብሱ ታጨደ፣ ጥርም ገባ። ያኔ ፊልሙ በሞላሌ አዳራሽ ሊታይ ነው የሚል ወረቀት ስልክ እንጨቱ ላይ ተለጠፈ። አንድ ሳንቲም አላወጣም ብሎ የማለው ግዛው ሦስት ቲኬት ገዝቶ መጣ። አንዷን ሰጠኝና ስለ ዝናቡ አወራ፤ ያለ ወራቱ መጣብን እያለ።

እንግዲህ እዚያ ነው የተቀመጥነው። ፊልሙ ተጀመረ። ሮቤል መኪና ይነዳል፣ ሮቤል ከሀብታም ልጅ ጋር ይጣላል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት የባጃጅ ልጆች ያጨበጭቡለታል። ክፉ ፊልም አይደለም ለማለት እንኳ ልቤ አልተረጋጋም። ሮቤል ሞተ። አዲስ አበባ ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ የላስቲክ ወንበር፣ የሚያብለጨልጭ የሬሳ ሣጥን። ጥቁር የለበሰችው ተዋናይት ሣጥኑ ላይ ወደቀችና አፏን ከፈተች።

እትዬ ጥሩወርቅ ወጣች።

ባናህማ መጣ በሰው ትከሻ። ባና እዚያ የለም፤ ያለው ሣጥን ነው። ባናው አዳራሹ ውስጥ፣ ዙሪያችንን ነበር የሚሸተው። አንተ የት ወደቅህ የኔ መሸሻ። ከዚያ ድምፁ ቆመ፤ ተዋናይቷ አየር ሳበች። እዚህ ጋ ነው የሚቆረጠው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግዛው ክንዴን ያዘኝ፤ አጥብቆ ስለያዘኝ አመመኝ።

«ወንድይፍራው ወንድሜ» አለች እህቴ።

አልቆረጡትም። ጀግናው ሮቤል ነው፣ የተለቀሰው ግን ወንድይፍራው ነው። የባጃጅ ልጆቹ ሣቁ። «ተሳሳተች እኮ! ወንድይፍራው ደግሞ ማነው?» አለ አንዱ ጮክ ብሎ።

መሪጌታ ብድግ አሉ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉና፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያሰሙት ባለ ድምፅ፣ «ነፍስ ይማር» አሉ።

ከኋላ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። አግዳሚው እየተንቋቋ ባናው ሁሉ ቆመ፤ ይማር፣ ይማር የሚል ከየጥጉ ተሰማ። የሣቁት ልጆችም ዞር ብለው አዩና ማን እንደሞተ ሳያውቁ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። መነሣት ያቃተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ነጠላዬን ከራሴ አውርጄ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ አዘቀዘቅሁትና፣ በሀገር ሰው ሁሉ ፊት፣ ወንድሜን አለቀስኩት።